የወረርሽኝ ገደቦችን በመቃወም በተካሄዱ ሰልፎች የቀኝ ጽንፈኞች ሚና፦ የጀርመን ተሞክሮ ምን ያስተምራል?

መግቢያ

ኦገስት 29 ቀን 2020 ምሽት ላይ ጥቂት መቶ ሰዎች በበርሊን የፖሊስ አጥር ጥሰው የጀርመን ፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫ ወደሆነው የራይሽስታግ ሕንፃ ደረጃ ወጡ። ከያዟቸው ሰንደቆች መካከል ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ቀለም ያለው የቀድሞው የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ሰንደቅ ጎልቶ ይታይ ነበር። ተጨማሪ ኃይል እስኪደርስ ድረስ በዋናው በር ላይ ቆመው የተከላከሏቸው ሦስት ፖሊሶች ብቻ ነበሩ። ደረጃው በአጭር ጊዜ ውስጥ ቢለቀቅም የዚያ ምሽት ምስል በመላው ዓለም ተሰራጭቷል።

በዚያው ዕለት በበርሊን ጎዳናዎች የወጣው ሰልፈኛ በባለሥልጣናት ግምት 38,000 ያህል ነበር። ወደ ሕንፃው ደረጃ የወጡት ከዚህ ቁጥር ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ናቸው። ይህ ንጽጽር ሁለት እውነታዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንደኛው፣ ከሰልፈኞቹ አብዛኞቹ ምክር ቤቱን ሊወርሩ አለመምጣታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ዕለቱ የሚታወሰው በብዙኃኑ ሳይሆን በጥቂቶቹ ድርጊት መሆኑ ነው።

የዚህ ትንታኔ ዓላማ ጥቂቶቹ ብዙኃኑ የወጡበትን ጎዳና እንዴት እንደተጠቀሙበት፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተከተለ፣ እንዲሁም መንግሥት የመሰብሰብ ነፃነትን ሳይነካ ለአደጋው ምን ምላሽ እንደሰጠ መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተቃውሞው መነሻና የሕግ መሠረቱ

የጀርመን ፌዴራል መንግሥትና የክፍላተ ሀገር መንግሥታት የኮቪድ-19 ሥርጭትን ለመግታት ማርች 22 ቀን 2020 ሰዎች በአንድ ላይ የሚገናኙበትን ሁኔታ የሚገድብ ደንብ በመላ ሀገሪቱ ለመተግበር ተስማሙ። ትምህርት ቤቶች፣ ምግብ ቤቶች፣ ቲያትር ቤቶችና አብዛኞቹ ሱቆች ተዘጉ። እርምጃው የሰው ሕይወት ለማትረፍ የተወሰደ ቢሆንም ያስከተለው ችግር ቀላል አልነበረም። አነስተኛ ነጋዴዎች ገቢያቸውን አጡ፤ በእንክብካቤ ተቋማት የሚኖሩ አረጋውያን ከልጆቻቸው ተለዩ፤ የቀብር ሥነ ሥርዓት እንኳ በጥቂት ሰዎች ብቻ እንዲፈጸም ተገደደ። ስለዚህ ተቃውሞው መነሻ የሌለው፣ ጽንፈኞች ብቻ የፈጠሩት ነበር ማለት አይቻልም።

የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 8 የመሰብሰብ ነፃነትን ያረጋግጣል። በዚህ መሠረት የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2020 የጊሰን ከተማን ጉዳይ መርምሮ፣ የከተማው ባለሥልጣን ደንቡ ሰልፍን በጥቅሉ ይከለክላል በሚል እምነት ብቻ የሰልፍ ጥያቄን መከልከሉ ከመብቱ ጋር እንደማይጣጣም ወስኗል። የኦገስት 29ኙን ሰልፍም የበርሊን ባለሥልጣናት አስቀድመው ከልክለውት የነበረ ሲሆን ክልከላው በፍርድ ቤት ተሽሯል። በሌላ በኩል ይኸው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2021 ይፋ ባደረገው ውሳኔ፣ በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት የተጣሉት የግንኙነትና የሰዓት እላፊ ገደቦች ከነበረው አደጋ አንጻር ሕገ መንግሥቱን የሚቃረኑ እንዳልነበሩ አረጋግጧል።

እነዚህ ውሳኔዎች ለጉዳዩ ቁልፍ ናቸው። ቅሬታ ያለው ዜጋ የሚሰማው ፍርድ ቤት ነበረው፤ ፍርድ ቤቱም አንዳንድ ጊዜ ለመንግሥት፣ አንዳንድ ጊዜ ለዜጋው ይፈርድ ነበር። «በጀርመን አምባገነንነት ነግሷል» የሚለው የጽንፈኞች መፈክር ሐሰት መሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው።

ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ ሰልፈኞች

ከተቃውሞው አዘጋጆች በስፋት የታወቀው በ2020 የጸደይ ወራት በሽቱትጋርት የተቋቋመው «ክቬርዴንከን 711» ነው። ስያሜው «ከተለመደው ወጣ ብሎ ማሰብ» የሚል ትርጉም ሲኖረው ቁጥሩ የከተማዋ የስልክ መለያ ነው። መሥራቹ ሚሻኤል ባልቬግ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ነጋዴ ነበሩ። ሌሎች ከተሞችም የየራሳቸውን የስልክ መለያ እየጨመሩ በዚሁ ስም ቡድኖችን አቋቋሙ።

በስዊዘርላንድ የባዝል ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጥናት ተመራማሪዎች በ2020 መገባደጃ በዚህ እንቅስቃሴ ተሳታፊዎች ላይ ያካሄዱትን መጠይቅ ውጤት ይፋ አድርገዋል። መጠይቁን የሞሉት ከ1,150 በላይ ሰዎች የተገኙት በቴሌግራም ቡድኖች በመሆኑ ጥናቱ ሁሉንም ሰልፈኛ ይወክላል ባይባልም የሚያሳየው ሥዕል ትኩረት ይስባል። በ2017ቱ ምርጫ ከመካከላቸው 23 በመቶው ለአረንጓዴዎቹ፣ 18 በመቶው ለግራ ፓርቲ፣ 15 በመቶው ደግሞ «አማራጭ ለጀርመን» ለተባለው የቀኝ ፓርቲ ድምፅ ሰጥተው ነበር። በቀጣዩ ምርጫ ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ ሲጠየቁ ግን «አማራጭ ለጀርመን»ን የመረጡት ወደ 27 በመቶ ከፍ ብለዋል።

ከዚህ የምንረዳው እንቅስቃሴው ሲጀመር የቀኝ ጽንፈኞች ንብረት እንዳልነበረ ነው። በዘመናዊ ሕክምና ላይ እምነት የሌላቸው ሰዎች፣ ለልጆቻቸው የሚጨነቁ ወላጆች፣ ሥራቸው የተቋረጠባቸው ባለሙያዎችና ሃይማኖተኞች በአንድ አደባባይ ተገናኝተዋል። አንድ ያደረጋቸው የጋራ ርዕዮተ ዓለም ሳይሆን በመንግሥት፣ በመገናኛ ብዙኃንና በሳይንስ ተቋማት ላይ ያደረባቸው ጥርጣሬ ነው። ጽንፈኞች መግቢያ ያገኙትም በዚሁ ጥርጣሬ በኩል ነው።

ቀኝ ጽንፈኞች ምን ፈልገው መጡ?

ከ2015 ጀምሮ የጀርመን ቀኝ ጽንፈኞች ዋነኛ መቀስቀሻ የስደተኞች ጉዳይ ነበር። ወረርሽኙ ሲከሰት ግን የሕዝቡ ትኩረት ወደ ሌላ ዞረ። አዲሱ ጉዳይ ቀድሞ ያልሰሟቸውን ሰዎች በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ስላቀረበላቸው የቆየ ዓላማቸውን አዲስ ልብስ አለበሱት። አካሄዳቸው በአራት መንገዶች ሊገለጽ ይችላል።

የመጀመሪያው የሥርዓቱን ሕጋዊነት መካድ ነው። «ራይሽስቡርገር» ወይም የራይሹ ዜጎች ተብለው የሚታወቁት ሰዎች የዛሬዋ ጀርመን ሕጋዊ መንግሥት እንደሌላት፣ የቀድሞው ግዛት አሁንም እንዳልፈረሰ ያምናሉ። ግብርና ቅጣት ለመክፈል እምቢ ይላሉ፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን ፓስፖርት ያትማሉ። በ2016 በባቫሪያ ከእነርሱ አንዱ የጦር መሣሪያውን ሊወስዱ በመጡ ፖሊሶች ላይ ተኩሶ አንዱን ገድሏል። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተከታዮቻቸውን ቁጥር በ2020 20,000፣ በ2022 ደግሞ 23,000 አድርሶታል። ወደ ራይሽስታግ ደረጃ የተደረገው ሩጫ የተነሳውም ለዚህ እንቅስቃሴ ቅርበት ያለው ቡድን ካዘጋጀው መድረክ ነው። በዚያ መድረክ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በርሊን ገብተዋል የሚል ሐሰተኛ ወሬ ተነግሮ ነበር።

ሁለተኛው የታሪክን ቃላትና ምልክቶች መንጠቅ ነው። አንዳንድ ሰልፈኞች የናዚ አገዛዝ አይሁዶችን ለመለየት ያስገድድበት የነበረውን ቢጫ ኮከብ «ያልተከተበ» የሚል ጽሑፍ አክለው ደረታቸው ላይ አደረጉ። በኖቬምበር 2020 በሃኖቨር መድረክ ላይ የወጣች አንዲት ወጣት ራሷን ናዚዎች በ1943 በሞት ከቀጧት ከዞፊ ሾል ጋር አነጻጽራለች። እንዲህ ያለው ንጽጽር በሚሊዮኖች ላይ የተፈጸመውን ግፍ ያቃልላል፤ በምርጫ ሥልጣን የያዘውንም መንግሥት ከናዚ አገዛዝ እኩል ያደርጋል። አድማጩ ይህን ከተቀበለ በኋላ በመንግሥት ላይ ኃይል መጠቀም «ተጋድሎ» መስሎ ሊታየው ይችላል።

ሦስተኛው የሤራ ትርክት ነው። ቫይረሱን ጥቂት የተደበቁ ኃያላን ዓለምን ለመቆጣጠር ፈጠሩት የሚለው ወሬ አዲስ ቢመስልም ለረጅም ዘመን በአይሁዶች ላይ ሲነዛ የኖረው ክስ ቅጂ ነው። ወሬውን የተቀበሉ ብዙዎች ይህን ምንጩን አያውቁም፤ የሚያሰራጩት ጽንፈኞች ግን ጠንቅቀው ያውቁታል።

አራተኛው የአደረጃጀት ልምድ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 2020 በላይፕሲሽ ከ20,000 በላይ ሰዎች በተሰበሰቡበት ዕለት፣ ሰልፉ በሕጋዊ መንገድ ከተበተነ በኋላ የፖሊስን መስመር በኃይል ሰብረው ለሌሎች መንገድ ከከፈቱት መካከል ቀኝ ጽንፈኞችና የኳስ ሜዳ ረብሸኞች ነበሩበት። ከኋላቸው ሻማ የያዙ ሰላማዊ ሰዎች ተከተሉ። ስፍራው በ1989 የምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ በሰላማዊ ሰልፍ የኮሚኒስቱን አገዛዝ ያንበረከከበት የከተማዋ ቀለበት መንገድ በመሆኑ ድርጊቱ የዚያን ታሪክ ክብር ለመውረስ የተደረገ ሙከራም ነበር።

በ2021 በዛክሰን የተመሠረተው «ነፃ ዛክሰን» የተባለው ፓርቲ ይህንኑ ዘዴ ወደ ትንንሽ ከተሞች ወስዶታል። የክፍለ ሀገሩ የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት በቀኝ ጽንፈኝነት የፈረጀው ይህ ፓርቲ ከ100,000 በላይ ተከታዮች ባሉት የቴሌግራም ገጹ የየከተማውን የሰኞ ምሽት ጥሪ እየሰበሰበ ያሰራጭ ነበር። ጥሪው «የእግር ሽርሽር» እንጂ ሰልፍ ስለማይባል የሚያስመዘግበውም ሆነ ኃላፊነት የሚወስድ አዘጋጅ አልነበረውም። በ2021 መገባደጃና በ2022 መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጀርመን ከተሞች በዚህ መንገድ ሰልፍ አስተናግደዋል።

ከቃል ወደ ኃይል

ቃሉ ሲካረር ዛቻው ከአደባባይ ወደ ግለሰቦች ዞረ። ኖቬምበር 18 ቀን 2020 የተላላፊ በሽታዎች መከላከያ ሕግ ሲሻሻል፣ በ«አማራጭ ለጀርመን» የምክር ቤት አባላት ተጋብዘው ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ የገቡ ሰዎች ተመራጮችን በኮሪደር እየተከተሉ ሰድበዋል፤ ከተሰደቡትም አንዱ የወቅቱ የኢኮኖሚ ሚኒስትር ፔተር አልትማየር ነበሩ። ዲሴምበር 3 ቀን 2021 ምሽት ደግሞ በግሪማ ከተማ ችቦ የያዙ ሰዎች የዛክሰን የጤና ጉዳይ ኃላፊ በሆኑት በሚኒስትር ፔትራ ኬፒንግ መኖሪያ ቤት ፊት ተሰባሰቡ። በዚያው ወር ፖሊስ በቴሌግራም ተሰባስበው የክፍለ ሀገሩን ጠቅላይ ሚኒስትር ሚሻኤል ክሬችመርን ስለ መግደል የተነጋገሩ ሰዎችን ቤቶች ፈትሿል።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2021 በኢዳር ኦበርሽታይን ከተማ በአንድ የነዳጅ ማደያ የሚሠራ የ20 ዓመት ወጣት ደንበኛው የፊት ጭምብል እንዲያደርግ በመጠየቁ በጥይት ተገድሏል። ገዳዩ በቀጣዩ ዓመት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። ግድያውን የፈጸመው ብቻውን ነው፤ ትእዛዝ የሰጠው ድርጅት አልነበረም። ነገር ግን ለወራት ሲነዛ የኖረው ጥላቻ ከመሪዎች አልፎ የዕለት ሥራውን በሚሠራ ተራ ሰው ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ይህ ሞት በግልጽ አሳይቷል።

በኤፕሪል 2022 «የተባበሩ አርበኞች» በሚል የሚጠራ ቡድን አባላት በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ዕቅዳቸው የኤሌክትሪክ ኃይል መስመሮችን አውድሞ ሀገሪቱን በጨለማ ውስጥ መጣልና የፌዴራሉን የጤና ሚኒስትር ካርል ላውተርባክን ማገት ነበር። የኮብሌንዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በማርች 2025 በተከሳሾቹ ላይ የእስራት ቅጣት ወስኗል። ዲሴምበር 7 ቀን 2022 ደግሞ ወደ 3,000 የሚጠጉ የጸጥታ አባላት በአንድ ቀን ባካሄዱት ዘመቻ 25 ሰዎችን ያዙ። ከተያዙት መካከል ከቀድሞ መሳፍንት ቤተሰብ የሆኑት ሃይንሪሽ 13ኛ ልዑል ሮይስ፣ የቀድሞ የምክር ቤት አባልና ዳኛ ቢርጊት ማልዛክ ቪንከማን፣ እንዲሁም የቀድሞ ወታደሮች ይገኙበታል። ዐቃቤ ሕግ ምክር ቤቱን በትጥቅ በመውረር መንግሥት ለመገልበጥ አሲረዋል ሲል የከሰሳቸው ሲሆን ችሎቱ በ2024 ተጀምሯል። ተከሳሾቹ በፍርድ ጥፋተኛ እስካልተባሉ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብታቸው የተጠበቀ ነው። ከተጠርጣሪዎቹ አንዳንዶቹ በወረርሽኙ ዘመን ተቃውሞ ውስጥ ይሳተፉ የነበሩ መሆናቸው ግን የሁለቱን ዘመን ትስስር ያሳያል።

ተመሳሳይ ክስተት በኢጣሊያ

ክስተቱ በጀርመን ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከኦክቶበር 15 ቀን 2021 ጀምሮ «አረንጓዴ ፓስ» የተባለውን የክትባት ወይም የምርመራ ማረጋገጫ እንዲይዙ ሲወስን በሮም ሰፊ ተቃውሞ ተነሳ። ኦክቶበር 9 ቀን የ«ፎርዛ ኑኦቫ» ፋሽስታዊ ፓርቲ መሪዎች የሰልፉን ከፊል ወደ ትልቁ የሠራተኞች ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት መሩት፤ ቢሮዎቹም ተሰባበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2023 ሮቤርቶ ፊዮሬንና ጁሊያኖ ካስቴሊኖን እያንዳንዳቸው ከ8 ዓመት በላይ በሚሆን እስራት ቀጥቷል።

የተመረጠው ዒላማ ትርጉም አለው። የሙሶሊኒ ጥቁር ሸሚዞች ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጥቃት ከሰነዘሩባቸው ዒላማዎች መካከል የሠራተኞች ማኅበራት ቤቶች ነበሩ። ያ አገዛዝ በ1935 ምን ይዞ እንደመጣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

የመንግሥት ምላሽና ያስነሳው ክርክር

የጀርመን የጸጥታ ተቋማት የገጠማቸው ችግር እንቅስቃሴው በነባሮቹ ፈርጆች ውስጥ አለመግባቱ ነበር። በ2021 በፖለቲካ ምክንያት ከተፈጸሙት ወንጀሎች መካከል በቀኝም ሆነ በግራ ሊፈረጁ ያልቻሉት ከ21,000 በላይ ደርሰው ካለፈው ዓመት ከእጥፍ በላይ ጨምረዋል። የባደን ቩርተምበርግ የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ክቬርዴንከን 711ን በዲሴምበር 2020 በክትትል ሥር አዋለ። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ደግሞ በኤፕሪል 2021 «መንግሥትን ሕጋዊነት ማሳጣት» የሚል አዲስ የክትትል ዘርፍ ከፈተ። በዚያው ወር በኢንተርኔት የሚሰነዘርን ዛቻና ጥላቻ የሚመለከተው የተጠናከረ ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። በፌብሩዋሪ 2022ም ቴሌግራም ከ60 በላይ ገጾችን በጀርመን ዘግቷል።

እርምጃዎቹ ያለ ትችት አላለፉም። የሕግ ምሁራን «ሕጋዊነት ማሳጣት» የሚለው አገላለጽ ሰፊ በመሆኑ ሕጋዊ የሆነ የሰላ ትችትንም ሊያካትት ይችላል የሚል ሥጋት አንስተዋል። ሥጋቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መንግሥት ተቺውን ሁሉ በጽንፈኝነት ከፈረጀ «ድምፃችን ታፍኗል» ለሚለው የጽንፈኞች ስብከት ራሱ ማስረጃ ያቀርባል።

የመንግሥት የራሱ ጉድለትም መጠቀስ ይገባዋል። በወረርሽኙ መጀመሪያ የፊት ጭምብል ለሁሉም ሰው አስፈላጊ አይደለም ከተባለ በኋላ ግዴታ ሆነ። ክትባት በግዴታ እንደማይሰጥ ፖለቲከኞች ደጋግመው ቃል ከገቡ በኋላ በ2021 መገባደጃ ስለ ግዴታ መነጋገር ጀመሩ፤ በመጨረሻም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት እንኳ የቀረበው ረቂቅ ኤፕሪል 7 ቀን 2022 በምክር ቤቱ ውድቅ ሆነ። አንዳንዱ ለውጥ የመጣው ሳይንሳዊ ዕውቀት በመሻሻሉ ነው። ምክንያቱ በጊዜው ለሕዝቡ በግልጽ ባለመብራራቱ ግን «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው በተከፈተው የመተማመን ክፍተት ጽንፈኞች ገብተዋል።

ማጠቃለያ

ገደቦቹ ከተነሱ በኋላም መረቡ አልተበተነም። በ2022 መኸር የኃይል ዋጋ ሲንርና የዩክሬን ጦርነት ሲካረር እነዚያው የቴሌግራም ገጾች፣ በዚያው የሰኞ ምሽት፣ በአዲስ መፈክር ሰዎችን ጠርተዋል። ይህም ለጽንፈኞቹ ወረርሽኙ ዓላማ ሳይሆን አጋጣሚ እንደነበረ ያመለክታል። ቀድሞ ዒላማቸው የነበሩትና ዛሬም የሆኑት ስደተኞችና የውጭ ተወላጆች በመሆናቸው፣ በጀርመንና በኢጣሊያ ከተሞች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የጀርመን ተሞክሮ የሚያስተምረው ዋና ነገር በሁለት ንግግሮች መካከል ያለውን ወሰን መለየት ነው። «ይህ ደንብ ስህተት ነው» የሚል ዜጋ መብቱን እየተጠቀመ ነው፤ በምርጫ፣ በሰልፍና በፍርድ ቤት ሊሟገትበት ይችላል። «ይህ መንግሥት ሕጋዊ አይደለም፣ ሕጉም አይገዛኝም» የሚለው ግን ሰውን ወደ ሌላ መንገድ ይጠራል። ጽንፈኞች የሚደክሙት የመጀመሪያውን ተናጋሪ ቀስ በቀስ ወደ ሁለተኛው ለማሻገር ነው።

መሻገሩን የሚያስቀረው ፖሊስ ብቻ አይደለም። መንግሥት የእርምጃዎቹን ምክንያት ማስረዳትና ሲሳሳት ማመን፣ ፍርድ ቤቶች በነፃነት መወሰን፣ የሰልፍ አዘጋጆችም ከጎናቸው ማን እንደቆመ መጠየቅና ዓመፅ ከሚሰብክ ቡድን በግልጽ መለየት ይጠበቅባቸዋል። ኦገስት 29 ቀን 2020 ሦስት ፖሊሶች በሩን ለጥቂት ደቂቃዎች ጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን በሩን የሚጠብቀው በአደባባይ ያለው ዜጋ ከየትኛው ሰንደቅ ሥር እንደማይሰለፍ ሲያውቅ ነው።